ከመንገድ ዳር ለሚተኛ ሰው፦ ልብዎን ከሌሊቱ ጩኸት እንዴት ይጠብቁ

በምሠራበት ጤና ጣቢያ የደም ግፊት ክትትል ያላቸውን ሰዎች ስለ እንቅልፋቸው ስጠይቅ ከሌላው ሁሉ በላይ የምሰማው መልስ «ኧረ ሲስተር፣ የመኪናውን ድምፅስ ለምጄዋለሁ» የሚል ነው። ሰፈራችን ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ የሚወስደውን ጎዳና ግራና ቀኝ ይዞ የተቀመጠ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በአዳማ በኩል ወደ አዲስ አበባ ከሚገባው ጭነት ብዙው በዚህ አቅጣጫ ይመጣል። ከባድ መኪኖች በቀን በከተማዋ ዋና ዋና መንገዶች እንዳይንቀሳቀሱ የሰዓት ገደብ ስላለባቸው፣ ሲኖትራኩም ተሳቢውም ቦቴውም የሚነቃነቀው ሰው ሲተኛ ነው። ገደቡ የቀኑን መጨናነቅ ለማቃለል የወጣ ነውና እሰየው። እኛ ዘንድ ግን ጩኸቱን ከሥራ ሰዓት አንሥቶ ትራስጌያችን ላይ አስቀመጠው።

«ለምጄዋለሁ» የሚሉኝ ሰዎች አይዋሹም። አእምሮ ተደጋጋሚ ድምፅን ችላ ማለት ይማራል። መጀመሪያ ሰሞን በየመኪናው የሚባንን ሰው ቆይቶ ሳይነቃ ማደር ይጀምራል። ችግሩ ልብና የደም ሥር እንደዚያ በቀላሉ የማይማሩ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ምክሬ ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ሌሊቱን ማዳን። የቀኑን ጩኸት ሁሉ ለማሸነፍ ገንዘቡም አቅሙም የለንም። የመኝታ ሰዓቶችን ግን በትንሽ ወጪ፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ወጪ ማትረፍ ይቻላል።

ሰውነት ተኝቶ ምን ይሰማል?

ጆሮ ተኝተንም ሥራውን አያቋርጥም። የሰማውን ወደ አንጎል ያስተላልፋል፤ እዚያ አሚግዳላ የሚባለው አደጋን የሚያነፈንፍ ክፍል ድምፁን እንደ ማስጠንቀቂያ ይወስደዋል። ወዲያው አድሬናሊን ይለቀቃል፣ የልብ ምት ይፈጥናል፣ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ግፊት ይጨምራል። ጩኸቱ ሲደጋገም ኮርቲዞል የተባለው ሆርሞንም ይከተላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው አልነቃም፤ ጠዋት ቢጠየቅ «ለጥ ብዬ ነው ያደርኩት» ይላል።

ይህ ግምት አይደለም፤ ተለክቷል። ሃይና በተባለው ጥናት ተመራማሪዎች በስድስት የአውሮፓ አውሮፕላን ማረፊያዎች ዙሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 70 የሆኑ ሰዎችን መረመሩ። ከስድስቱ መካከል የለንደኑ ሂትሮው፣ የአምስተርዳሙ ስኪፖልና የስቶክሆልሙ አርላንዳ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ውጤት የሌሊቱ የአውሮፕላን ድምፅ በ10 ዲሲቤል (ዲሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ሲጨምር የደም ግፊት በሽታ የመያዝ ዕድል በ14 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አሳየ። ከእነዚሁ ሰዎች መካከል 140 የሚሆኑት በየቤታቸው ተኝተው ሳለ ግፊታቸው በየ15 ደቂቃው እንዲለካ ተደረገ። አውሮፕላን ባለፈበት ጊዜ የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ6 ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ለዚህም የተኛው ሰው መንቃት አላስፈለገውም።

በጀርመን ማይንስ ከተማ ደግሞ ሐኪሞች 75 ጤነኛ ፈቃደኞችን ወስደው ሌሊት የተቀዳ የአውሮፕላን ድምፅ አሰሟቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጽሑፍ፣ ጠዋት ሲመረመሩ የደም ሥሮቻቸው እንደ ልብ የመስፋት ችሎታ ቀንሶ፣ አድሬናሊናቸውም ጨምሮ እንደተገኘ ገለጹ። የደም ሥርን ከውስጥ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ሥራው ይህ ነው፤ ደም ሲበዛ ሥሩ እንዲሰፋ ማዘዝ። ይህ ሽፋን ለዓመታት ሲጎዳ ለደም ሥር መጥበብና መደደር መንገድ ይከፈታል።

እኔን እንደ ነርስ ከሁሉ የሚያሳስበኝ የሌሊቱ ዕረፍት ነው። ጤነኛ ሰው ሲተኛ የደም ግፊቱ ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ዝቅ ይላል። ልብና ኩላሊት ከቀን ጫናቸው የሚያርፉት ያኔ ነው። ግፊታቸው ሌሊት የማይወርድላቸው ሰዎች ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው በሚገባ ይታወቃል። የሌሊት ጩኸት የሚነካው ይህንኑ ሰዓት ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን በልኩ እናስቀምጠው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ፣ የመንገድ ድምፅ ከ53 ዲሲቤል በላይ በየ10 ዲሲቤሉ ሲጨምር የልብ ደም ሥር መጥበብ በሽታ በ8 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አስፍሯል። ይህ ማለት ጸጥ ባለ ሰፈር 100 ሰው የሚታመም ከነበረ፣ በ10 ዲሲቤል በሚበልጥ ሰፈር 108 ሰው ይታመማል። ስምንቱ ሰዎች ቀላል አይደሉም። ሆኖም ሲጋራ እያጨሱ፣ ጨው እያበዙ፣ መድኃኒት እያቋረጡ ሁሉንም በመኪናው ማላከክ አያዋጣም። አንድ የተሳቢ ሾፌር ታካሚዬ ግፊቱን በሙሉ በሰፈሩ ጩኸት አሳቦ ሲያበቃ፣ አምሎዲፒን የተባለውን የግፊት ኪኒኑን ከገዛ ወር እንዳለፈውና አንድ ፍሬ እንኳ እንዳልዋጠ ነገረኝ። ጋሼ፣ ጩኸቱን በኋላ እንነጋገርበታለን፣ መጀመሪያ ኪኒኑን ይዋጡ አልኩት።

የድምፁን ልክ ማወቅ

ዲሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም። 10 ዲሲቤል ሲጨምር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ለጆሯችን ደግሞ እጥፍ ያህል የጮኸ ይመስለዋል። ሹክሹክታ 30 ገደማ ነው፤ ፊት ለፊት የሚደረግ ተራ ንግግር 60 ገደማ፤ በአጠገብዎ የሚያልፍ ከባድ መኪና ከ80 በላይ።

መለካት የፈለገ ሰው በስልኩ ይችላል። ኒዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለአይፎን ያዘጋጀው ነጻ የድምፅ መለኪያ አለ፤ ጥሩ ነው። በሌሎች ስልኮች የሚሠሩት የስልኩ ማይክሮፎን ስለሚለያይ ቁጥራቸውን በጥርጣሬ መያዝ ይሻላል፤ ሁለት ክፍሎችን ወይም ሁለት ሌሊቶችን ለማነጻጸር ግን ያገለግላሉ። ስልኩን ትራስዎ ባለበት ቦታ ያስቀምጡ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማና ሊነጋ ሲል ሩብ ሰዓት ያህል ይተዉት፤ አንዴ መስኮት ከፍተው፣ አንዴ ዘግተው። ሁለት ቁጥር ይጻፉ፤ አማካዩንና ከፍተኛውን። ከፍተኛውን የምልበት ምክንያት አለኝ፤ ወጥ ሆኖ ከሚያጉረመርም ድምፅ ይልቅ ከጸጥታ መሐል ድንገት የሚፈነዳው ይበልጥ እንቅልፍ ይሰብራል። ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው ዝናብ ከስንት መኪና ይጮኻል፤ ሰው ግን በእርሱ ደስ ብሎት ይተኛል።

መመዘኛው ምንድን ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ከቤት ውጭ፣ ግድግዳው ላይ ሲለካ፣ የመንገድ ድምፅ በ24 ሰዓት አማካይ ከ53 ዲሲቤል፣ በሌሊት ከ45 እንዳይበልጥ ይመክራል። በ24 ሰዓቱ ስሌት ላይ ለምሽቱ 5፣ ለሌሊቱ 10 ዲሲቤል ይደመራል፤ በእነዚያ ሰዓቶች ድምፅ ይበልጥ ይረብሻልና። ለአውሮፕላን ምክሩ ጠበቅ ያለ ነው፤ 45 እና ለሌሊት 40። በእኛም አገር ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው የድምፅ ደረጃ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ነው። በመኝታ ክፍል ውስጥ ደግሞ ድርጅቱ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የሚመክረው 30 ገደማ ነው። ዋናው መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ሲለካ ከእነዚህ ቁጥሮች በብዙ ቢርቅ አይደንግጥ፤ ሁላችንም እዚያው ነን። ቁጥሩ የሚጠቅመው ለውጥ ካደረጉ በኋላ መቀነሱን ለማየት ነው።

ግፊትዎን እንዴት ይለኩ

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ብናገር ይፍቀዱልኝ፤ የዘወትር ሥራዬ ነውና። ቤታቸው መለኪያ ያላቸው ብዙ ሰዎች ቁጥሩን የሚያበላሹት ገና ሳይለኩ ነው።

በክንድ ላይ የሚታሰረውን ይግዙ፤ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው በቀላሉ ይሳሳታል። የክንድ ማሰሪያው ስፋት ከክንድዎ ጋር ይስማማ፤ ለወፍራም ክንድ ጠባብ ማሰሪያ ግፊቱን ከእውነቱ በላይ አድርጎ ያሳያል። ከመለካትዎ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፣ አያጭሱ፣ ደረጃ አይሩጡ። ሦስተኛውን ስኒ ጠጥተው ከቡናው ረከቦት እንደተነሡ የሚለኩ እናቶች አሉኝ፤ ከዚያ «መሣሪያው ተበላሽቷል» ይሉኛል። ሽንትዎን ይሽኑ። ጀርባዎን አስደግፈው፣ ሁለቱንም እግር መሬት አስረግጠው፣ እግር ሳያቆላልፉ አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትይዩ ይረፍ። ማሰሪያው ባዶ ክንድ ላይ ይታሰር፤ በሹራብ ላይ አይደለም። ሲለኩ አያውሩ፤ ቴሌቪዥኑም ይጥፋ።

ጠዋት መድኃኒት ከመዋጥዎ በፊት ሁለት ጊዜ፣ በመሐሉ አንድ ደቂቃ አርፈው፤ ማታ ከመተኛትዎ በፊትም እንዲሁ። ለሰባት ቀን ይህን ያድርጉ። የመጀመሪያውን ቀን ይተዉትና የቀሩትን አማካይ ያውጡ። ቤት ውስጥ አማካዩ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው፤ በጤና ተቋም ሲለካ ወሰኑ 140/90 ነው። ከቁጥሩ ጎን ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ በአንድ ቃል ይጻፉ፤ «ጸጥታ»፣ «ጩኸት»፣ «ነቃሁ»።

ከአንድ ክፉ ሌሊት በኋላ ቁጥሩ ጎልቶ ይወጣል ብለው አይጠብቁ። የዚህ ጉዳት ባሕርይ በዓመታት መጠራቀም ነው። የጠዋቱ ቁጥር ዘወትር ከማታው በጣም የሚበልጥ ከሆነ ግን ለሐኪምዎ ይንገሩ። ቀንና ሌሊት በየተወሰነ ደቂቃ እየነፋ የሚለካ፣ ሰው ለብሶት የሚያድር መሣሪያ አለ፤ ግፊትዎ ሌሊት መውረዱንና አለመውረዱን የሚያሳየው እርሱ ነው።

ቁጥሩ 180/120 ካለፈና የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ወገን መዛል፣ የአንደበት መያያዝ ወይም የዐይን ብዥታ ካለ ይህን ጽሑፍ ይተዉት፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

መጀመሪያ አልጋውን፣ ከዚያ መስኮቱን

ከሁሉ የረከሰውና ከሁሉ የሚበልጠው መፍትሔ አልጋን ማዛወር ነው። ከመንገዱ በተቃራኒ ያለው ክፍል፣ ቤቱ ራሱ ስለሚከልለው፣ ከመንገዱ ፊት ካለው ክፍል ከ10 እስከ 20 ዲሲቤል ዝቅ ሊል ይችላል። ይህን ያህል የሚቀንስ መስኮት ለመሥራት ስንት ብር እንደሚወጣ መስኮት የሚሠራው ወንድሜ ያውቃል።

ይህን ምክር ስሰጥ የምገጥመው ተቃውሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የጓሮው ክፍል ሳሎን ነው፣ ሳሎን ደግሞ የእንግዳ ነው። ቡፌው፣ ሶፋው፣ ምንጣፉ እዚያ ተደርድሯል። አንዲት ታካሚዬ እናት «ታዲያ እንግዳ ቢመጣ የት ይቀመጣል? እንግዳ መንገድ ላይ ይቀመጥ?» አሉኝ። እንግዳው በዓመት በዓል ይመጣል እማማ፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሄዳል፤ እርስዎ ሌት ተቀን እዚያው ነዎት አልኳቸው። አልተስማሙም። በኋላ ልጃቸው ሶፋውን ወደ መንገዱ ክፍል አዛወረው፤ ምን ብሎ እንዳሳመናቸው አልጠየቅሁም።

አንድ ክፍል ብቻ ያለው ሰው ደግሞ አልጋውን ከመንገዱ ግድግዳ አርቆ፣ የራስጌውን ወደ ውስጥ አዙሮ ያስቀምጥ፤ ቁም ሣጥኑን በመንገዱ ግድግዳ ላይ ልብስ ሞልቶ ያቁመው። ጥቅሙ መጠነኛ ነው፤ ነጻ ስለሆነ ግን ይሞከር።

ወደ መስኮት ስንመጣ የምናገረው በታናሽ ወንድሜ አፍ ነው። አሉሚኒየምና መስታወት ሠራተኛ ነው፤ ስለ መስኮት ሲያወራ ከእኔ ስለ ግፊት ወሬ ይብሳል። የመጀመሪያ ቃሉ «ቀዳዳውን ዝጊ» ነው። ድምፅ እንደ ውኃ ነው ይላል፤ ሾልኮ የሚገባበት አያጣም። ከግድግዳው ስፋት ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ክፍት ቢቀር፣ ሌላው በሙሉ ድንጋይ ቢሆን እንኳ ከ20 ዲሲቤል በላይ ማስቀረት አይቻልም። ስለዚህ ውድ መስታወት ከመግዛትዎ በፊት ሌሊት መብራት አጥፍተው፣ አንድ ሰው ውጭ ሆኖ በባትሪ የመስኮቱንና የበሩን ዙሪያ እንዲያበራ ያድርጉ። ብርሃን የገባበት ሁሉ ድምፅም ይገባበታል።

የብረት መስኮት ከሆነ ደርቆ የረገፈውን ስቱኮ ያስታድሱ፤ መዝጊያው ፍሬሙ ላይ በሚያርፍበት ዙሪያ የጎማ ማሸጊያ ያስለጥፉ። ፍሬሙና ግድግዳው በሚገናኙበት በኩል ሲሊኮን ይደረግ። ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮት ሲያምር ያምራል፣ በጎኑ ግን ያፈሳል፤ በማጠፊያ የሚከፈትና ጎማ ላይ ተጭኖ የሚዘጋው ለድምፅ ይሻላል። የበሩ ሥር እንዳይረሳ።

አቅም ካለ ከነባሩ መስኮት በስተውስጥ ሁለተኛ መስኮት ማስገጠም ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ጋት ያህል፣ ማለትም 10 ሳንቲሜትር ገደማ ክፍተት ይኑር፤ የሁለቱ መስታወት ውፍረትም ይለያይ፤ አንዱ 4 ሚሊሜትር ከሆነ ሌላው 6። ውፍረታቸው እኩል ሲሆን አንዱ የሚያሳልፈውን የድምፅ ዓይነት ሌላውም ያሳልፈዋል። ተጣብቆ ከሚመጣው ድርብ መስታወት ይልቅ እንዲህ ያለው ሰፊ ክፍተት የከባድ መኪናን ጎርናና ድምፅ ይበልጥ ይይዛል።

የማይሠሩትንም ልንገርዎ። መጋረጃ፣ ወፍራምም ቢሆን፣ የክፍሉን ማስተጋባት ያለዝባል እንጂ የውጭውን ድምፅ ብዙም አያስቀርም። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከንቱ ድካም ነው፣ እሳትም ይስባል። ሁለት ረድፍ ዛፍ ለዐይን ደስ ይላል፣ ለጥላም ይሆናል፣ ድምፅን ግን እምብዛም አይቀንስም። ድምፅን የሚያቆመው ክብደት ነው። ስለዚህ የቆርቆሮ አጥር ከብሎኬት አጥር ጋር አይወዳደርም፤ የብሎኬቱም ቢሆን የሚረዳው መኪናውን ከእይታ ሲከልል ነው። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ በአጥር መመካት የለም። ያረጀው የጭቃ ቤት በዚህ ረገድ ይመሰገናል፤ ግድግዳው ከባድ ነው። የሚያሳፍረው ጣሪያው ነው፤ ቆርቆሮው ከሥሩ ኮርኒስ ከሌለው፣ በቦሌ ሚካኤልና በአካባቢው እንዳሉት አውሮፕላን ከላይ ለሚያልፍባቸው ቤቶች መስኮት ማሸግ ብቻውን አይበቃም። እዚያ ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ኮርኒስ ይሂድ።

ከሰል

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የምናገረው። ክፍሉን ባሸጉ ቁጥር አየር የሚገባበትም ይጠባል። ቀድሞ በመስኮቱ ስንጥቅ ይወጣ የነበረው የከሰል ጭስ መውጫ ያጣል። የከሰሉ ነበልባል ጠፍቶ ፍሙ ብቻ ሲቀር ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ ተኝቶ ያለ ሰው አይሰማውም፣ አይነቃምም። የታሸገ መኝታ ቤት ውስጥ የከሰል ምድጃ ለማሞቂያም፣ ለዕጣንም፣ ለቡናም ቢሆን አይደር፤ «ፍሙ ከስሟል» ማለትም መተማመኛ አይሆንም። ልብን ከጩኸት ላድን ብሎ ቤተሰብን በጭስ ማጣት አለ። ለንጹሕ አየር በጓሮ በኩል ያለው መስኮት ወይም የውስጥ በር ገርበብ ይበል።

የጆሮ መሰኪያ

ፋርማሲ የሚሸጠው የስፖንጅ መሰኪያ በትክክል ከገባ 20 ዲሲቤልና ከዚያም በላይ ሊቀንስ ይችላል። ብዙ ሰው በትክክል አያስገባውም። እጅዎን ይታጠቡ፤ መሰኪያውን በጣቶችዎ እያሽከረከሩ ቀጭን ያድርጉት፤ በሌላው እጅ ጆሮዎን በራስዎ ላይ አሻግረው ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ያስገቡትና እስኪነፋ ድረስ በጣት ያዝ አድርገው ይቆዩ። ሲቆሽሽ ይጣል። ጆሮው የሚፈስ ወይም የሚያመው ሰው አይጠቀም። ጥጥ መወተፍ ድምፅን ብዙም አይቀንስም፤ ብጣሹም ውስጥ ቀርቶ ጤና ጣቢያ ያመጣዎታል። ሕፃን ያለበት ቤት ባልና ሚስት በተራ ይሰኩ፤ አንዱ ጆሮ ክፍት ይደር።

ቤት ሲከራዩ

ደላላ ቤት የሚያሳየው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እርስዎ ከመፈረምዎ በፊት በሥራ ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ብቻዎን ይመለሱ። በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ ሻይ ይጋብዙና «ሌሊት መኪና አለ ወይ?» ይበሉት፤ ከአከራይ የማይገኝ እውነት ከእርሱ ይገኛል። መንገዱ ዳገት ከሆነ ከባድ መኪና እዚያ ማርሽ ይቀይራል፤ ቁልቁለት ከሆነ የሞተር ፍሬን ይይዛል። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አጠገብ ባዶ ሲኖትራክ ሲያልፍ ቤቱ ይንኳኳል። የላላ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን፣ ጎሚስታ፣ የሌሊት መኪና ማደሪያ ይፈልጉ። ዋና መንገዱን በአንድ ረድፍ ቤት ብቻ እንኳ የተከለለ ቤት ሰፊ ልዩነት አለው፤ ኪራዩም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ነጋዴ ስለማይሻማበት።

ጎረቤት ተባብሮ የሚሠራው

የላላውን ክዳን አስጠግኑ ብሎ ወረዳ ማመልከት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በየመኪናው ሁለት ጊዜ የሚጮኽ ክዳን ግን በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚጮኽ ያስቡት። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ድምፅም ብክለት ነው፤ አቤቱታዎ የቅንጦት አይደለም። አቤቱታው ላይ የለካችሁትን ቁጥርና ሰዓት አስፍሩ፤ «በጣም ይጮኻል» ከሚለው ይልቅ ይሰማል።

ሌላው ፍጥነት ነው። መኪኖች በሰዓት ከ50 ወደ 30 ኪሎ ሜትር ሲወርዱ ድምፁ በ3 ዲሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ ይህም የመኪናውን ብዛት በግማሽ የመቀነስ ያህል ነው። ብራስልስ ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ በአብዛኛው ከተማዋ 30ን ወሰን አድርጋለች። ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ አይፈቅድም። አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 መከልከሏ ለቀስተኛው የሰፈር መንገድ ይጠቅማል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ዝግ ሲል ድምፅ የለውምና። ፈጥኖ ሲሄድ ግን የሚጮኸው ጎማው ነው፤ የእኛን ጎዳና የሚያናውጠውም የቤት መኪና አይደለም።

ለሾፌሮቹም አንድ ቃል አለኝ፤ ብዙዎቹ ታካሚዎቼ ናቸውና። የተቀደደ ማርሚታ ይጠገን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ባዶ መንገድ ላይ ክላክስ ለሰላምታ አይነፋ። ራሳችሁም መንገድ ዳር ጋቢና ውስጥ የምትተኙ ሰዎች፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ መቆም ሲቻል ገባ በሉ፤ የእናንተም ልብ ከሌላው የተለየ አይደለም፣ ግፊታችሁንም ስለካ እያየሁት ነው።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን አይለውጡ። አልጋውን ያዛውሩ፣ ጥቂት ሳምንት ይቆዩ፣ የሰባት ቀኑን መለካት ይድገሙ፤ ከዚያ መስኮቱን። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቁጥሩ ቢወርድለት በራሱ አይቀንስ፣ አያቋርጥም፤ ያንን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ወደ ክትትል ሲመጡም ደብተሩን ይዘው ይምጡ፤ ካልተቻለ ቁጥሮቹን ሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይም ቢሆን ጽፈው ያምጡልኝ፣ ስለ ፓኮው ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም።